ጉርሻ ምጽዋትም ደመወዝም አይደለም

ሰው ከአገሩ ርቆ በእንግድነት በሚቆይባቸው ቀናት ጠባዩ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። በቤቱ የሚያውቁት ቤተሰቦቹ፣ በመሥሪያ ቤቱ የሚቆጣጠሩት አለቆቹ፣ በሠፈሩ የሚታዘቡት ጎረቤቶቹ በሌሉበት ቦታ፣ አልጋውን ለምታነጥፍለት፣ ሻንጣውን ለሚሸከምለት፣ ሻይ ለምትቀዳለት ሰው የሚያሳየው አድራጎት እውነተኛ ማንነቱን ይመሰክራል። በመሆኑም ለዕረፍትም ሆነ ለሥራ ወደ ሌላ አገር ለሚጓዘው ወገናችን፣ አገልግሎት ለሚሰጡ ሠራተኞች ስለሚሰጠው ጉርሻ ጥቂት ማለት አስፈላጊ ሆኖ አግኝተነዋል። ነገሩ የሳንቲም ጉዳይ መስሎ ቢታይም የሰው ክብር ያለበት ነውና።

ለዚህ ሐሳብ መነሻ የሆነን በ2010 ዓ.ም. በካርቱም የተመለከትነው አንድ ድርጊት ነው። ነጭ ዓባይና ጥቁር ዓባይ ከሚገናኙበት ከሞግረን ብዙም ሳይርቅ፣ ወንዙን ተከትሎ በተዘረጋው ጎዳና ላይ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሻይና ቡና የሚሸጡ ሴቶች ከሰል አያይዘው፣ ዝቅተኛ በርጩማዎች ደርድረው ደንበኞቻቸውን ይጠባበቁ ነበር። ሱዳናውያን እነዚህን ሴቶች «ሲት አሻይ» ይሏቸዋል፤ የሻይ እመቤት እንደ ማለት ነው። ከመካከላቸው ከኑባ ተራሮችና ከዳርፉር በጦርነት የተፈናቀሉ እናቶች፣ እንዲሁም ከአገራችን ኑሮ ያሰደዳቸው እኅቶች ይገኙ ነበር። ሱዳናውያንም ቡና የሚፈላበትን ዕቃ እንደ እኛው ጀበና ስለሚሉት፣ በዚያ ቦታ የተቀመጠ ኢትዮጵያዊ ራሱን ፈጽሞ እንደ ባዕድ አይቆጥርም።

እኛም ከጓደኞቻችን ጋር ከአንዲት ኢትዮጵያዊት ዘንድ ተቀመጥን። ከመካከላችን አንዱ ቡናውን ጠጥቶ ሲጨርስ ከዋጋው ብዙ እጥፍ የሆነ ገንዘብ ከኪሱ መዘዘና ሁሉም እንዲያየው ከፍ አድርጎ ይዞ፣ «መልሱን አልፈልግም፤ ይልቅ ወዲህ ጠጋ በይና አጫውቺን» እያለ እጇን ያዛት። እኅታችን እጇን በቀስታ አስለቀቀች። የቡናውን ዋጋ ቆጥራ ካነሣች በኋላ የቀረውን አስተካክላ በትሪው ላይ በማድረግ መለሰችለት። «ወንድሜ፣ የቡናው ዋጋ ይኸው ነው። ሌላ የሸጥኩልህ ነገር የለም» አለችው።

ጥቂት ቆይቶ ነጭ ጀላቢያ የለበሱ አንድ ሱዳናዊ አዛውንት ሻያቸውን ጨርሰው ተነሡ። ከሻዩ ዋጋ ትንሽ የሚበልጥ ገንዘብ ከብርጭቆው ሥር አኑረው፣ «ያ ቢንቲ፣ አላህ ይባርክሽ» ብለው ሄዱ። ልጄ ማለታቸው ነበር። እርሷም «ሹክራን፣ ያ ዐሚ» ብላ እንደ አጎት አክብራ ሸኘቻቸው። የእኛው ጓደኛ ብዙ ሰጠ፤ አልተቀበለችውም። አዛውንቱ ጥቂት ተዉላት፤ አመስግና ተቀበለች። እኛ ግን ከጓደኛችን አድራጎት ይልቅ የራሳችን ዝምታ እስከ ዛሬ ያሳፍረናል። ያን ዕለት አንዳችን እንኳ «ተው፣ ነውር ነው» አላልነውምና።

ታዲያ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? መልሱ ቃሉ ውስጥ ይገኛል። በባህላችን ጉርሻ ከጋራ ማዕድ ተጠቅልሎ በእጅ ወደ አፍ የሚሰጥ የፍቅር ምልክት ነው። የሚጎርሰው ሰው የተናቀ አይደለም፤ እንዲያውም ወዳጅ፣ እንግዳ ወይም ታላቅ ነው። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» እየተባለ የሚደገመውም ግንኙነቱ እንዲጸና ነው። የአገልግሎት ጉርሻም ስሙን ከዚህ ማዕድ የወሰደ እንደመሆኑ መጠን ትርጉሙ «ሥራሽን አይቻለሁ፤ አመሰግናለሁ» ከማለት ማለፍ አይገባውም። ከፋርስ ቋንቋ ተነሥቶ በዐረቡ ዓለም የተስፋፋው «ባቅሺሽ» የተባለው ቃል ግን በብዙ አገሮች ጉርሻንም፣ ምጽዋትንም፣ ጉቦንም ባንድነት ሲያመለክት ይሰማል። ሦስቱ በአንድ ቃል ይጠሩ እንጂ በሥራቸው እጅግ የተራራቁ ናቸው። ምጽዋት ለችግር ይሰጣል፤ ጉቦ የማይገባን ነገር ለማግኘት ይሰጣል፤ ጉርሻ ግን በሚገባ ለተፈጸመ ሥራ የሚቀርብ ምስጋና ነው። ጓደኛችን የሰጠው ገንዘብ ጉርሻ ያልሆነውም በመብዛቱ ሳይሆን ከበስተኋላው ሌላ ጥያቄ ስለነበረው ነው።

ከዚህ በመነሣት እንግዳ የሆነ ሰው ሊከተላቸው የሚገቡ ጥቂት ደንቦችን እንጠቁማለን።

በመጀመሪያ ደረጃ ተጓዡ የደረሰበትን አገር ልማድ ማወቅ ይኖርበታል። በጃፓን ለአስተናጋጅ ጉርሻ መተው የተለመደ ባለመሆኑ ተቀባዩን ሊያሳፍር ይችላል። በአገራችን በብዙ ሆቴሎች ሒሳብ ላይ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ተደምሮ ስለሚመጣ፣ እንግዳው ሒሳቡን አንብቦ ከዚያ በላይ መጨመሩን በፈቃዱ ይወስናል። በካርቱም የሻይ በርጩማ ላይ ግን ጉርሻ ጠያቂ አልነበረም፤ የሚበቃው ጥቂት መልስ መተው ነበር። ሒሳቡን አስቀድሞ ተስማምቶ በሚሳፈርበት ራክሻ ወይም አምጃድ ደግሞ የተስማሙበትን ሳያጓድሉ መክፈል ራሱ በቂ ጨዋነት ነው። በስምምነት የጸናን ዋጋ ሲወርዱ ለመቀነስ መከራከርና በማግሥቱ በትልቅ ሆቴል ጉርሻ መበተን ለጋስነት ሊባል አይችልም።

ሁለተኛ፣ ጉርሻ በአገሩ ገንዘብና በወቅቱ ሊሰጥ ይገባል። ካርቱም ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነበረች። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1997 የጣለችው የኢኮኖሚ ማዕቀብ እስከ 2017 በመቆየቱ፣ እንግዳው ለሁሉም ነገር ጥሬ ገንዘብ ይዞ መዞር ነበረበት። ትልቅ ኖት ብቻ የያዘ ሰው «ዝርዝር የለኝም» እያለ የሠራተኛውን ድካም ያለፈበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2021 የሱዳን መንግሥት የምንዛሪ ለውጥ ሲያደርግ አንድ ዶላር ከ55 ፓውንድ ወደ 375 ፓውንድ ዘለለ። በይፋው ምንዛሪ አንድ ዶላር ያወጣ የነበረ 55 ፓውንድ ባንድ ጊዜ ወደ 15 የአሜሪካ ሳንቲም ግድም ወረደ ማለት ነው። በዚያው ዓመት አጋማሽ የዋጋ ግሽበቱ ከ400 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ከወር በፊት የለመዱትን ያህል መተው ለሰጪው አንድ ዓይነት ቢመስለውም ለተቀባይዋ የእንጀራ ጉድለት ነው።

ሦስተኛ፣ ጉርሻ ለሠራው ሰው ሊደርስ ይገባል። ፊት ለፊት የምናያቸው አስተናጋጆች ብዙ ጊዜ ይታወሳሉ። አንሶላ የምትቀይረው፣ መታጠቢያ ቤት የምታጸዳው፣ ከወጥ ቤት ጭስ ውስጥ የማትወጣው ሠራተኛ ግን ትረሳለች። ክፍል የምታጸዳው ሠራተኛ በየቀኑ ልትለዋወጥ ስለምትችል፣ በመጨረሻው ዕለት ባንድ ጊዜ ከመተው በየማለዳው ጥቂት በጥቂት መተው ይሻላል። አንዲት የካርቱም ሆቴል የጽዳት ሠራተኛ ያልጠበቀችውን ገንዘብ ይዛ ኮሪደር ለኮሪደር ስታፈላልገን «ይኼ ተረስቶ ነው?» ብላ እንደጠየቀችን እናስታውሳለን። ገንዘቡ የእርሷ መሆኑን በሁለት ቃል ጽፈን ብንተውላት ኖሮ ከዚያ ጭንቀት ባዳንናት ነበር።

አራተኛ፣ አንደበትና እጅ ከገንዘቡ በፊት ይቀድማሉ። በአገራችን አንዳንድ ቤቶች ደንበኛው እጁን እያጨበጨበ አስተናጋጅ ሲጠራ ማየት ያልቀረ ልማድ ነው። አጨብጭቦ የጠራ፣ ስም ሳይጠይቅ «አንቺ» እያለ ያዘዘ፣ ሲከፍል ገንዘቡን የወረወረ ሰው የተወው ጉርሻ ምንም ቢበዛ የስድቡን ዋጋ አይከፍልም። «እባክሽ እኅቴ» እና «ወንድሜ፣ አመሰግናለሁ» የሚሉት ቃላት ገንዘብ አያስወጡም።

አምስተኛ፣ የደንብ ልብስ ለለበሰ ባለሥልጣን፣ ለፍተሻ ሠራተኛ ወይም ለድንበር ዘብ የሚሰጥ ገንዘብ ስሙ ምንም ይባል ምን ጉርሻ አይደለም። ይህን የምንለው የደንብ ልብስ የምንለብስ ሰዎች እንደመሆናችን መጠን በራሳችን ላይ ጭምር ነው። ደመወዙን ከሕዝብ የሚቀበል ሰው «የሻይ» እየተባለ የሚቀርብለትን ኖት ሲቀበል የሚሸጠው የራሱን ጊዜ ሳይሆን የሕዝብን አደራ ነው።

እነዚህ ደንቦች ቢከበሩም እንኳ አንድ ትልቅ ጉዳይ ይቀራል። ጉርሻ የደመወዝ ምትክ ሊሆን አይችልም። በአሜሪካ የፌዴራሉ ሕግ ጉርሻ የሚያገኙ ሠራተኞች አሠሪ በሰዓት 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ብቻ እንዲከፍል የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1991 ሲሆን፣ መጠኑ ዛሬም ያው ነው። ጉርሻው ተደምሮ ከዝቅተኛው የደመወዝ ወለል ካልደረሰ አሠሪው ልዩነቱን እንዲሞላ ሕጉ ቢያዝም፣ በእንዲህ ዓይነቱ አሠራር የሠራተኛዋ ዕለታዊ እንጀራ በደንበኛው ስሜት ላይ ይንጠለጠላል። ደንበኛው ቢያሾፍባት ፈገግ እንድትል፣ እጇን ቢይዛት እንድትታገሥ የሚያስገድዳት ድህነቷ ብቻ ሳይሆን የደመወዟ አወቃቀር ጭምር ይሆናል። የካርቱሟ እኅታችን ገንዘቡን መመለስ የቻለችው ጀበናውም ከሰሉም የራሷ ስለነበረ ነው። ተቀጥራ በምትሠራበት ቤት ቢሆን ኖሮ ክብሯን ለመጠበቅ ሥራዋን ማጣት ሊኖርባት ይችል ነበር።

በአገራችን በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 53 ከደንበኞች የሚገኝ የአገልግሎት ክፍያ ደመወዝ ተብሎ እንደማይቆጠር ደንግጓል። ይኸውም አሠሪው «ጉርሻ ታገኛላችሁ» በማለት ደመወዝ ሊነፍግ አይገባውም ማለት ነው። ስለዚህ ከደንበኛው ጨዋነት አስቀድሞ የአሠሪው ግዴታ ይቆማል። ለአስተናጋጆቹ የማይበቃ ደመወዝ እየከፈለ የእንግዶቹን ኪስ የሚያሳያቸው የሆቴል ባለቤት፣ ዕዳውን በማያውቀው ሰው ላይ እየጻፈ ነው እንላለን።

የሠራተኛው ክብር የሚጸናው ደግሞ በሌሎች ቸርነት ብቻ ሳይሆን በራሱ መደራጀት ጭምር መሆኑን ከዚያችው ከካርቱም መማር ይቻላል። የካርቱም ክፍለ ሀገር የሕዝብ ሥርዓት ሕግ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2019 እስኪሻር ድረስ፣ የሻይ ሻጮች ዕቃ በደንብ አስከባሪዎች ሲወረስና በየጊዜው መቀጫ ሲጣልባቸው ኖሯል። ከኑባ ተራሮች የመጡት ወይዘሮ ዐዋዲያ ማሕሙድ ኮኮ ራሳቸው ሻይ ሻጭ ሆነው ሳለ የሻይና የምግብ ሻጭ ሴቶችን በኅብረት ሥራ ማኅበር በማሰባሰብ ለመብታቸው ቆመዋል፤ ለዚህም ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2016 ከአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ለደፋር ሴቶች የሚሰጠውን ሽልማት ተቀብለዋል። ጉርሻ የአንድ ቀን ምስጋና ነው፤ ማኅበር ግን የዘወትር መከታ ነው።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦር ሠራዊትና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል በተነሣው ጦርነት ያ የወንዝ ዳር ጎዳና የውጊያ ቀጣና ሆነ። በዴይምና በሌሎቹ የካርቱም ሠፈሮች ለዓመታት ጀበና ጥደው፣ ሰሃን አጥበው፣ የሰው ልጅ አሳድገው የኖሩ እጅግ ብዙ ኢትዮጵያውያን ያፈሩትን ጥለው በመተማ በኩል ወደ አገራቸው ገቡ። ከእነርሱም ጋር ሱዳናውያን ቤተሰቦች ድንበሩን ተሻግረው ተጠጉን። በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ጦር ሠራዊቱ ቤተ መንግሥቱን መልሶ ከያዘ በኋላ ወደ ከተማዋ መመለስ የጀመሩ ነዋሪዎች ቢኖሩም፣ የዚያች የቡና ሻጭ እኅታችን በርጩማ ወዴት እንደወደቀ አናውቅም።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር እንገምታለን። ትናንት በካርቱም ሻይ ስትቀዳ የነበረች ኢትዮጵያዊት ዛሬ በጎንደር፣ በባሕር ዳር ወይም በአዲስ አበባ ትሪ ይዛ ከፊታችን ልትቆም ትችላለች። ትናንት ከብርጭቆው ሥር መልስ የተዉላት አዛውንት ልጅም ዛሬ በአገራችን ሻንጣ ተሸካሚ ሆኖ ልናገኘው እንችላለን። የዛሬ ተስተናጋጅ የነገ አስተናጋጅ ሊሆን የሚችልበትን ዘመን በዓይናችን አይተናል። ስለዚህ ጉርሻ በምንሰጥበት ጊዜ ከምንሰጠው ገንዘብ መጠን ይልቅ የምንሰጥበትን እጅ እንመርምር። እጃችን ተቀባዩ በአክብሮት ሊይዘው የሚችለው እጅ ይሁን፤ አጠገባችን ያለው ጓደኛም ሲያጠፋ «ተው» ለማለት አንደበታችን አይዘግይ እንላለን።