እጃችን የረሳው ፊደል



በካይሮ ፋይሰል የሚኖሩ ምእመናን ለጸሎት የሚሰጡን የክርስትና ስም ቀድሞ በቁራጭ ወረቀት ተጽፎ ይመጣ ነበር፤ ዛሬ አብዛኛው በስልክ ይደርሰናል። ፈጥኖ መድረሱን አንነቅፍም። ይሁን እንጂ በቅርቡ አንድ ወጣት የእናቱን ስም በመዝገብ እንዲያሰፍር ብዕር ብንሰጠው፥ ጥቂት አመነታና «አባቴ፥ በስልክ ብልከውስ?» አለን። ሲያነብ ፊደሉን ያውቀዋል፤ እጁ ግን ረስቶታል።

አባቶቻችን የፍየል ቆዳ ፍቀው፥ በወስፌ አስምረው፥ በመቃ ብርዕ ይጽፉ ነበር። ጥቁሩ ቀለም ለንባቡ፥ ቀዩ ለጌታ፥ ለእመቤታችንና ለቅዱሳን ስም ነው። ስለዚህ ጸሐፊው ቅዱሱን ስም እንደ ሌላው ቃል በችኮላ አያልፈውም፤ ለእርሱ ብርዕና ቀለም ይለውጣል። በዓድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም ያለው ወንጌል በዚህ ዓይነት ድካም ተጽፎ ከ1,300 ዓመት በላይ ቆይቷል። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከዚህ ከግብፅ የሄዱት ጳጳስ አቡነ ሰላማ መተርጉም ከዐረብኛ ወደ ግእዝ ያስመለሷቸው መጻሕፍትም የተባዙት በቁም ጸሐፊዎች እጅ ነው።

የመሣሪያውንም ውለታ አንክድም። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በማይክሮፊልም የተነሡ ብራናዎች ብዙ ንባብ ከጥፋት አድነዋል። በ1999 እ.ኤ.አ. ፊደላችን በዩኒኮድ ከገባ ወዲህም ስደተኛው በየትም አገር ሆኖ በገዛ ፊደሉ ይጽፋል።

ነገር ግን ጣት የቀረበውን ፊደል ይነካል። «ሠረቀ» ወጣ፥ «ሰረቀ» ግን ሌብነት ነው፤ «ዓመት» ዘመን፥ «አመት» ግን ገረድ ናት። ልዩነቱን የሚያስተምረው የኔታ ፊት ተቀምጦ ደጋግሞ መጻፍ ነበር።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ይህ ነው፤ የብራና ጸሐፊ ብዙ ጊዜ በመጽሐፉ ፍጻሜ ስሙን አኑሮ፥ አንባቢው እንዲጸልይለት ይማጸናል። በስልክ ለደረሰን ጽሑፍ ግን ስለ ጸሐፊው ማን ይጸልያል?

ስለዚህ ልመናችን ትንሽ ናት። በሚመጣው ጊዜ የወላጆቻችሁን የክርስትና ስም በእጃችሁ ጽፋችሁ አምጡልን። ቢንጋደድም አንነቅፈውም። ልጆቻችሁም አጠገባችሁ ተቀምጠው የየራሳቸውን ስም ይጻፉ። እኛም ስሙን ስናነሣ የጻፈውን እጅ አብረን እናስባለን።