ልጅ ይዞ እንግድነት

በዓመት ፈቃድዎ ልጅዎን ይዘው ሞጣ ያሉ ወዳጆችዎን ሊጠይቁ አስበዋል? መልካም ነው። ነገር ግን ከሻንጣው በፊት ልጁን ማሰናዳት ይገባል።

ከአዲስ አበባ በደጀንና በብቸና በኩል ሲጓዙ የዓባይ በረሃ ሙቀት ነው፤ ሞጣ ግን ደጋ ስለሆነ ሌሊቱ ይበርዳል። ሹራብ አይርሱ።

ተቀባይዋ ወዳጅዎም እንደ እርስዎ ሠራተኛ እናት ልትሆን ትችላለች። ለእንግዳ ዶሮ ስታርድ ወጪው ከልጆቿ ጉሮሮ የሚቀነስ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ስለዚህ የሚቆዩበትን ቀን አስቀድመው ያስታውቁ፤ ቡናና ስኳር ይያዙ፤ ማጀት ገብተው ያግዙ። ልጁም የቀረበለትን እንዳይጸየፍ፣ ለታላቅ እንዲነሣ፣ ከቤቱ ልጆች ጋር እንዲላላክ፣ «እኛ ቤት እኮ እንዲህ አይደለም» ከማለት እንዲቆጠብ ይምከሩት።

አዛውንቶች ስለ ሰባራ ድልድይ እንዲያጫውቱትም ይጠይቁለት። ይህ የጥንት የዓባይ ድልድይ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጣሊያን ወረራ ዘመን መካከሉ ከፈረሰ በኋላ፣ መንገደኛው ለብዙ ዓመታት የተሻገረው ወዲያና ወዲህ ቆመው ገመድ በሚስቡ ሰዎች ክንድ ነበር።

ወዳጅነትም ከሁለት ወገን ካልሳቡት አያሻግርም። ሲመለሱ የወዳጅዎን ልጅ በተራው አዲስ አበባ ይጋብዙት።