የድረ ገጽ ፍጥነት በደካማ መስመርም ይለካ
በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤችቲቲፒ/2 የአንድን ድረ ገጽ ጽሑፍ፣ ምስልና ኮድ በአንድ የቲሲፒ ግንኙነት ላይ አቀላቅሎ ያስተላልፋል። ቀድሞ አሳሾች ለአንድ አገልጋይ እስከ 6 ግንኙነቶች ይከፍቱ ስለነበር፣ ለውጡ ተደጋጋሚ የግንኙነት ምሥረታን አስቀርቷል። ሆኖም ቲሲፒ መረጃን በቅደም ተከተል ብቻ ያስረክባል፤ አንድ ፓኬት ሲጠፋ ከእርሱ በኋላ የደረሱት ሁሉ፣ የሌላ ፋይል ክፍል የሆኑትም ጭምር፣ ምትኩ እስኪመጣ ይጠብቃሉ። በ6 ግንኙነቶች ጊዜ ግን የሚቆመው አንዱ ብቻ ነበር። በ2022 እ.ኤ.አ. የጸደቀው ኤችቲቲፒ/3 በኩዊክ አማካይነት እያንዳንዱን ፍሰት ለየብቻ በማስረከብ ይህን ጥገኝነት አስወግዷል። ስለዚህ ፓኬት በማይጠፋበት ቤተ ሙከራ ብቻ የተለካ ፍጥነት ለፕሮቶኮል ምርጫ በቂ ማስረጃ አይሆንም፤ በደካማ የሞባይል መስመር ላይ ያለ ተጠቃሚ የሚጠብቀው ጊዜም አብሮ ሊለካ ይገባል።