ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት

ይድረስ ለጣርማ በር ወገኖቼ፤

ኅዳር ሲገባ ውርጩ ሣሩን እንደሚያነጣው፣ ከደብረ ሲና በኩል ሽቅብ የሚወጣው ጉምም የዋሻውን አፍ እንደሚሸፍነው እዚህ ኦስሎ ሆኜ አልረሳሁትም። እናቴ በዚያ ብርድ ኩበት እየማገደች አሳደገችን። ጭሱ ዓይኗን ሲያስለቅሳት ማየቴ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ለማዋለጃ ክፍላችሁ ማሞቂያ የጠየቃችሁበት መልእክት እዚህ ላለነው ወገኖቻችሁ ደርሶናል። እኔም እንጀራዬ ሂት ፓምፕ መትከል ስለሆነ ጉዳዩ በቀጥታ ይመለከተኛል። ፍሪጅ ውስጡን እያቀዘቀዘ በጀርባው ሙቀት ይለቃል አይደል? ሂት ፓምፕም እንደዚያው ከደጅ አየር ሙቀት ቀምቶ ወደ ቤት ያስገባል፤ ከሚበላው መብራት ሁለትና ሦስት እጥፍ የሚሆን ሙቀት ይሰጣል። ክረምቱ ከእኛ ብርድ በሚብስበት ኖርዌይ ከግማሽ በላይ ቤተሰብ ይጠቀምበታል። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጨውን ግድባችንን መርቀናል፤ የደጋው ሕፃን በዚያ ኃይል ሊሞቅ ይገባል።

ግን እባካችሁ፣ ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት ደጅ የሚቀመጥበት የኮንክሪት መደብ ይሠራ። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አሠሪያችን ቸኩሎ አንዱን ማሽን መሬት ላይ አስቀምጠን እንድንሄድ አዘዘን። ማሽኑ ውርጭ ሲይዘው ራሱን አሙቆ ያቀልጠዋል፤ የቀለጠው ውኃ መሄጃ አጥቶ ሥሩ ረጋ፣ በረዶው ሽቅብ አድጎ ማራገቢያውን ሰበረው። የቤቱ ባለቤት አሮጊት ሁለት ሳምንት በብርድ ሰነበቱ። በጣርማ በር ጉምና ውርጭ ተባብረው ስለሚመጡ ይህ የባሰ ይሆናል።

ስለዚህ አፈሩን ቆፍራችሁ ጠጠር ጠቅጥቁ፤ በላዩ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ኮንክሪት አፍስሱና በውኃ ልክ አስተካክሉት። ማሽኑ ከመደቡ ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር በብረት እግር ከፍ ይበል፣ ከግድግዳውም 30 ያህል ይራቅ። ከሥሩ የሚንጠባጠበው ውኃ ወደ ጠጠር ጉድጓድ ይግባ እንጂ እናቶች በሚመላለሱበት መንገድ አይፍሰስ፤ ማታ ረግቶ ነፍሰ ጡር ያንሸራትታል። ፊቱን ከገደሉ ለሚነሣው ነፋስ አትስጡት። እናንተ ባላችሁበት፣ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ አየሩ ስስ ነው፤ ከባሕር ዳርቻው አየር ሁለት ሦስተኛውን ገደማ ቢሆን ነው። ስለዚህ እዚህ የሚበቃው ማሽን እዚያ ያንሳል፤ ከፍ ያለውን የመምረጡ ሥራ የእኛ ነው።

በጣም የሚያሳስበኝ ቧንቧው ነው። ማሽኑ ሙቀቱን ወደ ክፍሉ የሚያስገባው በቧንቧ በሚዞር ውኃ ነው፤ ውኃው የሚሞቀው ከ35 እስከ 45 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ ብዙ ውኃ መዞር አለበት፤ ቀጭን ቧንቧ ያንቀዋል። የለመድነው ግማሽ ኢንች አይበቃም፤ ከማሽኑ የሚነሣው ዋናው መስመር ቢያንስ አንድ ኢንች ይሁን። ደጅ ያለውን በሙሉ፣ ክርኑንና መዝጊያውን ጭምር፣ ውኃና ፀሐይ በማያበላሸው ወፍራም ሽፋን ጠቅልሉት። ግድግዳው ሲበሳ ዝናብ እንዳይገባ ቀዳዳው ወደ ውጭ ያዘንብል። መብራት ሌሊት ሲጠፋ በቧንቧው ውስጥ የቆመው ውኃ ረግቶ ቧንቧውን ይሰነጥቃል። መድኃኒቱ ፕሮፒሊን ግላይኮል የሚባለው ፈሳሽ ነው። ለመኪና ራዲያተር የሚጨመረው አብዛኛውን ጊዜ መርዛማ ስለሆነ እሱን አትጠቀሙ።

ግንበኛውንና የቧንቧ ሠራተኛውን አንድ ቀን አብራችሁ ቦታው ላይ አቁሟቸውና ይህን ደብዳቤ አንብቡላቸው። መደቡ ደርቆ ቧንቧው ሲጠቀለል ፎቶውን ላኩልኝ፤ ማሽኑን የምንልከው እሱን ካየን በኋላ ነው።