ለአምስት እጅ ጥፋት የመቶ እጅ ቅጣት

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድ ወይም በቨርጂኒያ የመኪና አደጋ ደርሶበት ካሳ የሚጠይቅ ሰው ከጉዳቱ መጠን በፊት የሚገጥመው ጥያቄ «አንተስ ምን አጥፍተሃል?» የሚል ነው። በሦስቱም አካባቢዎች ዛሬም በሚሠራበት ደንብ መሠረት፣ ለአደጋው ምክንያት የሆነ ጥፋት በተጎጂው አሽከርካሪ በኩል ከተገኘ፣ ጥፋቱ የቱንም ያህል ትንሽ ቢሆን፣ ካሳ የማግኘት መብቱ ሙሉ በሙሉ ይቀራል። ቀይ መብራት ጥሶ የገባው ዘጠና አምስት እጅ፣ ፍጥነቱን በጥቂቱ ያሳለፈው ተጎጂ አምስት እጅ አጥፍተዋል ቢባል፣ ተጎጂው የሚያገኘው ዘጠና አምስት እጅ ካሳ ሳይሆን ባዶ እጁን ነው። ደንቡ ጥፋትን አይመዝንም፤ መኖር አለመኖሩን ብቻ ይጠይቃል።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያውያን የሩቅ የሕግ ባለሙያዎች ክርክር አይደለም። ከአሌክሳንድሪያ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው አካባቢ ብዙዎች የሚተዳደሩት በታክሲ፣ በኡበርና በሊፍት፣ ዕቃና ምግብ በማድረስ ነው። ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጦ የሚውል ሰው ለአደጋ ያለው ተጋላጭነት ከቢሮ ሠራተኛው ይበልጣል። ሲጎዳም ደመወዝ የሚቀጥልለት የሕመም ፈቃድ አብዛኛውን ጊዜ የለውም።

ደንቡ እ.ኤ.አ. በ1809 ከተሰጠ የእንግሊዝ ፍርድ የመጣ ነው። ሜሪላንድ በ1847 ተቀበለችው። እንግሊዝ ራሷ በ1945 ባወጣችው ሕግ ትታው፣ ካሳው እንደ ጥፋቱ ድርሻ እንዲቀነስ ደነገገች። ከአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች አርባ ስድስቱ በየራሳቸው መንገድ ወደ ማካፈል ሥርዓት ተሻግረዋል። የቀሩት አላባማ፣ ሰሜን ካሮላይና፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ሲሆኑ ዲሲም በከፊል ከእነርሱ ጋር ናት። የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግም፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው፣ በአንቀጽ 2098 ለጉዳቱ በከፊል ጥፋተኛ የሆነ ተጎጂ ከፊል ካሳ እንደሚያገኝ ይደነግጋል። በአዲስ አበባ ፍርድ ቤት ከስድሳ ዓመት በላይ የታወቀ መብት በአናፖሊስና በሪችመንድ ገና ልመና ነው።

ፍርድ ቤቶቹ ማስተካከል አይችሉም ነበር እንዳይባል፣ ደንቡን የፈጠሩት ራሳቸው ዳኞች ናቸው። የሜሪላንድ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2013 ዕድሉ በእጁ ነበር። አንድ ወጣት በእግር ኳስ ሜዳ የጎሉ አግዳሚ ላይ ሲንጠለጠል ብረቱ ወድቆበት የፊቱ አጥንት ተሰብሯል። ጁሪው ኃላፊው ማኅበር ቸልተኛ እንደነበር አረጋገጠ፤ ወጣቱም ጥፋት እንዳለበት ጨምሮ ወሰነ። የካሳው መጠን ዜሮ ሆነ። ይግባኙን ያዩት አብዛኞቹ ዳኞች ለውጡን ለሕግ አውጪው ምክር ቤት ተዉት። በሐሳብ የተለዩት ዳኛ ግሌን ሃረል ደንቡን ከዳይኖሰር ጋር አመሳስለውታል፤ ይሁንና ዳይኖሰሩ ዛሬም በሕይወት አለ።

የደንቡ ዋና ጉዳት የሚታየው ግን በችሎት አይደለም። በሕጉ መሠረት የተጎጂውን ጥፋት ማስረዳት ያለበት ተከሳሹ ነው። ነገር ግን አብዛኛው የካሳ ጥያቄ ፍርድ ቤት ሳይደርስ በስልክና በደብዳቤ ያልቃል። በዚያ ድርድር የኢንሹራንስ ኩባንያው ሠራተኛ የሚያስፈልገው አንድ ሰበብ ብቻ ነው፤ ሰበቡንም ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ራሱ ተጎጂው ነው። ሰው ተጎድቶ ሲያይ «እኔን!» ብሎ የሚጮኽ፣ ጥፋቱ የማንም ይሁን የማን «ይቅርታ፣ አይዞህ» ማለትን ከልጅነቱ የተማረ ሰው፣ ከመኪናው እንደወረደ በእንግሊዝኛ «ሶሪ» ይላል። በአማርኛ አእምሮ ይህ ሐዘኔታ ነው፤ በመዝገቡ ላይ ግን የጥፋት ማመኛ ሆኖ ሊቀርብ ይችላል። በማግስቱ ስልክ ይደወላል፤ ንግግሩ እየተቀዳ መሆኑ ይነገረዋል፤ «ከመመታትህ በፊት አይተኸው ነበር?» ይባላል። «አላየሁም» ካለ አላስተዋለም ነው፤ «አይቻለሁ» ካለ ለምን አልሸሸም ነው።

የዲሲ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ከ2004 ጀምሮ የከተማዋን መሥሪያ ቤቶች ያስገድዳል፤ አማርኛም አገልግሎት ከሚሰጥባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። የግል ኢንሹራንስ ኩባንያ ስልክ ግን በዚህ ሕግ አይገዛም። የበለጠ የሚያስገርመው፣ ሦስቱም አካባቢዎች የሐኪምን የሐዘኔታ ቃል በሕክምና ስሕተት ክስ ማስረጃ እንዳይሆን በሕግ ጠብቀዋል። ለታካሚው «አዝናለሁ» የሚል ሐኪም ጥበቃ አለው፤ መንገድ ዳር ተመሳሳይ ቃል የተናገረ የታክሲ ሹፌር የለውም። ካሊፎርኒያና ማሳቹሴትስ በአደጋ ጊዜ የሚነገርን የሐዘኔታ ቃል፣ የተናጋሪው ሙያ ሳይለይ፣ ከማስረጃነት አውጥተዋል። «ጥፋቱ የእኔ ነው» ማለት ሌላ ጉዳይ ነው፤ በካሊፎርኒያም ጥበቃ የለውም።

ሕጉ እስኪለወጥ ድረስ የማኅበረሰብ ድርጅቶች ለተጎጂዎች ሳይታክቱ ሊነግሩ የሚገባቸው ነገር አለ። ተጎጂው ለራሱ ኢንሹራንስ የመተባበር የውል ግዴታ አለበት፤ ለተቃራኒው ወገን ኢንሹራንስ ግን የተቀዳ ቃል የመስጠት ግዴታ የለበትም። የመጀመሪያውን ቼክ ለመቀበል የሚፈረመው የመብት መልቀቂያ በኋላ የሚታወቅ የወገብ ሕመምንም ይዘጋል። የይርጋው ጊዜ በቨርጂኒያ ሁለት ዓመት፣ በሜሪላንድና በዲሲ በአብዛኛው ሦስት ዓመት ነው። የመታው የከተማው አስተዳደር መኪና ከሆነ ግን ቀኑ እጅግ ያጥራል፦ በዲሲና በቨርጂኒያ ከተሞች በስድስት ወር፣ በሜሪላንድ የአካባቢ መስተዳድሮች በአንድ ዓመት ውስጥ የጽሑፍ ማስታወቂያ ካልደረሰ ጥሩ የነበረው ጉዳይ ሊወድቅ ይችላል።

ዲሲ በ2016 ለእግረኞችና ለብስክሌተኞች፣ ቆይታም እንደ ስኩተር ላሉ ሌሎች ተጋላጭ የመንገድ ተጠቃሚዎች በሩን ከፍታለች፤ የተጎጂው ጥፋት ከተከሳሾቹ ጥፋት ካልበለጠ በስተቀር ካሳው አይከለከልም። መኪና የሚነዳው ግን ውጭ ቀረ። ብስክሌተኛው በሚገባ ተጠብቋል። በዚያው መስቀለኛ መንገድ፣ በዚያው ሰካራም የተመታው ባለታክሲ በ1809ኙ ደንብ የሚዳኝበት ምክንያት ግን በሕግ ሎጂክ አይገኝም።

የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ለውጡ ዓረቦን ያስወድዳል ይላሉ። ወጪው ዛሬም አለ፤ የሚከፍለው ተጎጂው፣ ዘመዶቹ በሚያዋጡት ገንዘብ፣ ወይም ግብር ከፋዩ በሜዲኬይድ በኩል ነው። ጥፋተኛው ወገን ብቻ ከሒሳቡ ወጥቷል። ከወዳጅ ወገንም ተቃውሞ አለ፦ አንዳንድ የተጎጂ ጠበቆች ማካፈል ከመጣ ብዙ ተከሳሾች ባሉበት ክስ እያንዳንዱ ለሙሉው ካሳ ተጠያቂ የሚሆንበት መርሕ እንዳይነካ ይሰጋሉ። ስጋቱ ተገቢ ቢሆንም፣ የዲሲ ሕግ ያንን መርሕ ሳይነካ ስለወጣ መልሱ በእጅ ነው።

ስለዚህ የዲሲ ምክር ቤት የ2016ቱን ጥበቃ ለአሽከርካሪዎችና ለተሳፋሪዎች በሙሉ ያስፋ። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ጥፋትን የሚመዝን ሕግ ያውጡ። ሦስቱም የሐዘኔታን ቃል ከማስረጃነት ያውጡ፤ ብቁ አስተርጓሚ ሳይኖር እንግሊዝኛ ከማያቀላጥፍ ተጎጂ የተቀዳ ቃልም በእርሱ ላይ እንዳይቀርብ ይከልክሉ። የአናፖሊስና የሪችመንድ ጉባኤዎች የሚከፈቱት በጥር ሁለተኛው ረቡዕ ነው፤ የሜሪላንዱ ዘጠና ቀን ብቻ ይቆያል። ረቂቅ የሚጻፈው ከዚያ በፊት በመሆኑ፣ ካሳቸውን የተነፈጉ ሹፌሮች ከነደብዳቤያቸው ከምክር ቤት አባላት ረዳቶች ጋር መገናኘት ያለባቸው በመጸው ወራት ነው።