የቀኑ ሠራተኞች የት ገቡ?

ስለ ላሊበላ የሚቀርቡ የውጭ ዘጋቢ ፊልሞችን ልብ ብሎ ለተመለከተ ሰው፣ የብዙዎቹ አጀማመር አንድ ነው። ጉም ይታያል፤ ነጭ የለበሱ ምእመናን ይታያሉ፤ ከበሮ ይመታል። ከዚያም ተራኪው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለመሆኑ ይህን ማን ሠራው?» ሲል ይጠይቃል።

እስቲ እንጠያየቅ። በዚያው በ12ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ተጀመረው የፓሪሱ ኖትር ዳም ፊልም ሲሠራ፣ የግንበኞቹን ፈረንሳዊነት የሚጠራጠር አለ? የለም። እዚያ ጥያቄው «እንዴት ሠሩት?» ነው። ወደ እኛ ሲመጣ ግን «ማን ሠራላቸው?» ይሆናል። ግራሃም ሃንኮክ እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመው መጽሐፍ ቴምፕላር የተባሉት የመስቀል ጦረኞች እጅ እንዳለበት ገመተ። አንዳች ማስረጃ ያልቀረበበት ይህ ግምት እስከ ዛሬ «ምስጢር» እየተባለ ይቸረቸራል።

የቤተ አማኑኤልን ግድግዳ ያየ ሰው ግን መልሱን ያገኘዋል። አክሱማውያን እንጨትና ድንጋይ እያፈራረቁ ይገነቡበት የነበረው ሥልት እዚያ በዓለት ላይ ተቀርጿል። ይህን ከአውሮፓ የመጣ ጦረኛ ከየት ይማረዋል? ንጉሥ ላሊበላ ለአብያተ ክርስቲያናቱ የሰጠው የርስት ስጦታም በግእዝ ወንጌል ላይ ሰፍሮ ይገኛል። ከዓለቱ ተፈልፍሎ የወጣውን የፍርስራሽ ክምር የመረመሩ አርኪዮሎጂስቶች ሥራው በአንድ ጀንበር ያልተፈጸመ፣ በየዘመኑ እየተጨመረበት የመጣ መሆኑን አሳይተዋል። ከላይ ወደ ታች በሚፈለፈል ሕንፃ የተሳሳተ መዶሻ አይታረምም፤ የተቆረጠ ዓምድ አይመለስም። ፊልም የሚያሻው ይህ ጥበብ ነበር።

የመላእክቱን ትውፊት ለማጣጣል አልተነሣሁም። ትውፊቱ ራሱ «ቀን ሰዎች፣ ሌሊት መላእክት» ነው የሚለው። ባለካሜራዎቹ የሌሊቱን ወስደው የቀኑን ጣሉት።

ይሁን እንጂ ጣትን ወደ ባዕድ ብቻ መቀሰር ራስን መሸንገል ነው። የእኛው መንግሥታዊ ቴሌቪዥን በ2004 ዓ.ም. «አኬልዳማ»ን፣ በ2005 ዓ.ም. ደግሞ «ጂሃዳዊ ሐረካት»ን ለማሳየት ገንዘብም የአየር ሰዓትም አላነሰውም። ዜጎችን ከፍርድ ቤት ቀድሞ ለመኰነን «ዘጋቢ ፊልም» ተሠራ። ስለ ላሊበላ ሲሆን ግን ከቱሪስት ማስታወቂያ የማይሻል ውዳሴ ይበቃናል። ጠራቢው፣ መሐንዲሱና የግእዝ ሊቁ አንድ ላይ ቀርበው አይጠየቁም።

ጉዳዩ የኩራት ብቻ አይደለም። ተአምር ጥገና አያሻውም፤ የሰው ሥራ ግን ያረጃል፤ ይሰነጠቃል፤ ውኃ ያስገባል። በ2000 ዓ.ም. ለጊዜው ተብሎ የተተከለው የብረት መጠለያ ራሱ ስጋት ሆኖ፣ በ2011 ዓ.ም. የከተማው ነዋሪ «ቅርሳችን ይዳን» ብሎ አደባባይ ወጥቷል። ያ ሕዝብ ማን እንደ ሠራው አልጠየቀም፤ ማን እንደሚጠብቀው ጠየቀ። ዓለቱ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ውኃው በየት እንደሚሰርግ፣ ጥንት በየት ይወርድ እንደነበር፣ ለጥገና የተመደበው ገንዘብ የት እንደ ደረሰ የሚያሳይ ፊልም ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሆን ነበር።

ስለዚህ የካሜራ ባለሙያዎቻችንን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ጉሙን ተዉት፤ ከበሮውንም ለጊዜው አቆዩት። በዓለቱ ላይ የቀረውን የመሮ ምልክት አቅርባችሁ አሳዩን፤ መሮውን ስለያዘው ሰውም ንገሩን። ልብ ያለው ልብ ይበል!