የእትብቱን ጄል ከዓይን ቅባቱ ለዩት

በቀደም አራስ ልጠይቅ እህቴ ቤት ሄጄ ነበር። ገንፎው ደርሷል፣ ቤቱ በሰው ተሞልቷል። የሕፃኑ ዓይን ዓይናር ስለበዛበት ከጤና ጣቢያ ቅባት ታዞለታል፤ ለእትብቱም ጄል ተሰጥቶታል። ሁለቱም ትንንሽ ቲዩቦች ናቸው፣ ሁለቱም አንድ ፌስታል ውስጥ። አክስታችን አንዱን አንስተው ክዳኑን ከፈቱና "የዓይኑ ይሄ ነው አይደል?" አሉ። አልነበረም። እህቴ ከአልጋዋ ሆና "ኧረ እሱ የእትብት ነው!" ባትል ኖሮ ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር።

የእትብቱ ጄል ክሎርሄክሲዲን ይባላል፤ 7.1 በመቶ የሚል ተጽፎበታል። ቆዳ ላይ ጀርም ይገድላል። ዓይን ውስጥ ሲገባ ግን የፊተኛውን የዓይን ክፍል ክፉኛ ያቃጥላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ ከ2015 ወዲህ በዘጠኝ የአፍሪካ አገራት ከ40 በላይ ሰዎች ይህ መድኃኒት በስህተት ዓይናቸው ውስጥ ገብቶ ከባድ ጉዳት እንደደረሰባቸው ገልጿል። የታወሩም አሉ። ምክንያቱ ደግሞ የዓይን ጠብታ ወይም ቅባት መስሏቸው ነው። በቃ።

"እንግዲያው ይቅርብን" የሚል አይጠፋም። አይሆንም። እትብት ላይ ቅቤ፣ አንዳንድ ቦታም እበት የሚቀባበት ልማድ ገና አልጠፋም፤ ጨቅላን ለቴታነስና ለሌላ ኢንፌክሽን የሚያጋልጠው ደግሞ እሱ ነው። ጄሉ የመጣው ያንን ለመተካት ነው። ጤና ባለሙያ ካላዘዘ ደግሞ እትብቱን ንጹሕና ደረቅ አድርጎ መያዝ ይበቃል፤ ምንም መቀባት የለበትም።

እኔ አክስቴን አልወቅስም። የሚወቀሰው ሁለት ተመሳሳይ ቲዩብ በአንድ ፌስታል ጠቅልሎ፣ በእንግሊዝኛ ብቻ የተጻፈ ወረቀት ጨምሮ "በቀን አንዴ" ብሎ የሚሸኝ አሠራር ነው። አራስ ቤት መድኃኒቱን የሚቀባው ወረቀቱን ያነበበው ሰው አይደለም፤ አያት ናት፣ አክስት ናት፣ ጎረቤት ናት። ስለዚህ ቲዩቡ ላይ "ለእትብት ብቻ፣ ዓይን ውስጥ አይግባ" የሚል በሚያውቁት ቋንቋ፣ ከሥዕል ጋር ሊኖር ይገባል። መድኃኒቱን የሚሰጠውም ሰው ይህንን በአፉ ሳይናገር እጁን ሊሰበስብ አይገባም።

እስከዚያው ግን ሥራው የእኛ ነው። ስልክ የያዝነው፣ ማንበብ የማይከብደን እኛ ነን። አራስ ቤት ስትሄዱ ፌስታሉን ክፈቱ። የእትብቱ ላይ በእስክሪብቶ "እትብት"፣ የዓይኑ ላይ "ዓይን" ብላችሁ በትልቁ ጻፉ፤ ለየብቻም አስቀምጡ። ከተጠራጠራችሁ ፎቶ አንስታችሁ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ወይም ለፋርማሲው ላኩ። ቲክቶክ ላይ አትጠይቁ።

ጄሉ በስህተት ዓይን ከነካ፣ አፍታ ሳትቆዩ በብዙ ንጹሕ ውኃ እያጠባችሁ ሕፃኑን ወደ ጤና ተቋም አድርሱት። "እስኪ እስከ ነገ እንየው" አይባልም።

እህቴ ቤት አሁን ቲዩቦቹ ሁለት ቦታ ናቸው። አክስቴም ሳትጠይቅ አትከፍትም፤ እንዲያውም ጠያቂ በመጣ ቁጥር "ይሄኛው የእትብት ነው፣ እንዳትነኩ" የምትለው እሷ ሆናለች።